የጥርስ ሳሙናው አረፋና ድዳችን

ቤይሩት በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ጥርሴን በቦረሽኩ ቁጥር ደም መትፋት ጀመርኩ። መጀመሪያ አረፋው ሮዝ መሰለ፤ ቆይቶ ቀይ ሆነ። ለማዳም አልነገርኳትም። በሽታ አለባት ብላ ወደ ኤጀንሲው ትመልሰኛለች ብዬ ፈራሁ። የነገርኩት በረንዳ ለበረንዳ ለምንተያያት ለአገሬ ልጅ ነው። እሷም ልብስ እያሰጣች፣ «አረፋው ነዋ! ድድ የሚበላው እኮ አረፋው ነው። ተይው፤ በጨው ብቻ ተጉመጥመጪ» አለችኝ።

ያለችኝን አደረግኩ። ብሩሼን ሻንጣዬ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ጠዋት ጠዋት ጨው በጥብጬ እጉመጠመጣለሁ፤ ማታ ግን ሥራ ጨርሼ ስገባ እግሬ ስለማይሸከመኝ እሱንም እተወዋለሁ። ለጥቂት ቀን ደሙ የቀነሰ መሰለኝ። የቀነሰው ስለማልነካው ነበር እንጂ ድዴ ስለዳነ አልነበረም። ወር ሳይሞላ ዳቦ ስገምጥ ዳቦው ላይ ደም ማየት ጀመርኩ። የአፌ ሽታ ለራሴ ይሰማኝ ጀመር፤ ሰው ሲያናግረኝ ፊቴን ዞር አደርጋለሁ። ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ከኖርኩ በኋላ ከታች ከፊት ካሉት ጥርሶቼ አንዱ ተነቃነቀ። ሐኪም ፊት የቀረብኩት ያ ጥርስ ሊተርፍ በማይችልበት ሰዓት ነው። ቦታው ዛሬም ባዶ ነው፤ ስስቅ በምላሴ እሸፍነዋለሁ።

የጥርስ ሐኪሟ ብሩሹን ለምን እንደተውኩ ስትጠይቀኝ የአረፋውን ነገር ነገርኳት። አልሳቀችብኝም። «አረፋው ድድሽን አልበላውም። ጥርስሽንም የሚያጸዳው እሱ አልነበረም» አለችኝና ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ዛሬ እኔ ራሴ በአንድ ክሊኒክ ለአገራችን ልጆች አስተረጉማለሁ። የአረፋው ጥያቄ ሳይነሣ የሚያልፍ ሳምንት የለም። አንዷ አረፋ ድድ ያደማል ትላለች፤ ሌላዋ አረፋው ካልበዛ አፌ የጸዳ አይመስለኝም ትላለች፤ ሦስተኛዋ ካንሰር ያመጣል ሲባል ሰምታ ትመጣለች። ከሐኪሟ ጎን ቆሜ የሰማሁትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

ድድን የሚያደማው ምንድን ነው?

ጠዋት ስትነሡ፣ ምንም ሳትቀምሱ፣ ምላሳችሁን ጥርሳችሁ ላይ አስኪዱት። በተለይ ከድዱ ጋር በሚገናኝበት በኩል ጥርሱ ጸጉር ያበቀለ ይመስላል። ሐኪሞች ፕላክ ይሉታል። ብዙዎቻችን የምግብ ትርፍራፊ ነው ብለን እናስባለን፤ አይደለም። ሕይወት ያላቸው፣ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች እርስ በርሳቸውና ከጥርሱ ጋር ራሳቸው በሚሠሩት ሙጫ ተጣብቀው የሚኖሩበት ስስ ሽፋን ነው። በውኃ ብትጉመጠመጡ አይሄድም። ጣፋጭ ስንበላና ስንጠጣ እሱም አብሮን ይበላል፤ ከዚያ አሲድ ያወጣል፣ አሲዱም ጥርስ ይቦረቡራል። በድዱ ጠርዝ የተቀመጠው ደግሞ ድዱን ይቆጣዋል። ሰውነታችን ሊከላከል ወደዚያ ደም ይልካል፤ ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ብሩሽ ገና ሲነካው ይደማል። እንግዲህ ደሙ የሚመጣው ብሩሹ ወይም አረፋው ድዱን ስለቆረጠው ሳይሆን ድዱ ቀድሞውኑ ተቆጥቶ ስለቆየ ነው።

ፕላክ ለጥቂት ቀናት ካልተነካ በምራቃችን ውስጥ ያለው ማዕድን ያጠነክረዋል፤ ታርታር የሚባለው ድንጋይ ይሆናል። ውኃ ማፍያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቁታላችሁ፤ በኮምጣጤ ካልሆነ አይለቅም። የጥርሱን ድንጋይ ግን ኮምጣጤም ብሩሽም አያነሣውም፤ የሐኪም መሣሪያ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ በመርፌ ወይም በቢላ ጫፍ ለመፈቅፈቅ የሞከሩ ልጆች አይቻለሁ፤ እባካችሁ አታድርጉት።

ይህ ነገር በሰው ላይ ተፈትኖ የታየ ነው። በፈረንጆች 1965 ዓ.ም. ሃራልድ ሎ የሚባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በዴንማርክ ድዳቸው ጤነኛ የሆነ 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት ጨርሶ እንዲያቆሙ አደረጉ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ። እንደገና መቦረሽ ሲጀምሩ ደግሞ ድዳቸው በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ ወደ ጤናው ተመለሰ። ይህን ስሰማ በሻንጣዬ ኪስ የተቀበረው ብሩሽ ትዝ አለኝ። እኔ ሳላውቀው ያንኑ ፈተና በራሴ ላይ ሠርቼዋለሁ፤ ልዩነቱ እነሱ በሦስት ሳምንት ሲያቆሙ እኔ ዓመት ከመንፈቅ መቀጠሌ ነው። በዚያን ያህል ጊዜ ቁጣው ከድዱ አልፎ ጥርሱን የሚይዘውን አጥንት ይበላል፤ የተበላ አጥንት ደግሞ በመቦረሽ አይመለስም።

ስለዚህ ድድ ሲደማ ብሩሽ አይተውም። ለስላሳ ብሩሽ ይያዝና በዝግታ፣ ደሙ ያለበትን ቦታ ሳይዘሉ ይቦረሻል። መጀመሪያዎቹ ቀናት ደሙ ያስፈራል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይቀንሳል።

አረፋው ታዲያ ምን ይሠራል?

እኛ አረፋን እናውቀዋለን፤ ቀኑን ሙሉ እጃችን ከሱ አይወጣም። ድስት ሥሩ ሲያር የሳህን ሳሙና አፍስሳችሁ አረፋው ቢሞላ፣ እሱን ብቻ ደፍታችሁ ብታለቀልቁት ያረረው እዚያው ነው። የሚያነሣው ሽቦው፣ እስፖንጁና ክንዳችሁ ነው። ሳሙናው የሚረዳው በቅባት ላይ ነው፤ በአንድ ጫፉ ቅባት፣ በሌላ ጫፉ ውኃ ይይዝና ቅባቱን ከውኃው ጋር ይዞት ይሄዳል። ፕላክ ግን ቅባት አይደለም። ካረረው ድስት ጋር ይመሳሰላል፤ ካልፈተጉት አይነሣም።

በአብዛኛው የጥርስ ሳሙና ውስጥ አረፋውን የሚሠራው ንጥረ ነገር ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት ይባላል፤ በአጭሩ ኤስ ኤል ኤስ። ከኮኮናት ወይም ከፓልም ዘይት ተነሥቶ በፋብሪካ ይሠራል። በሻምፑና በብዙ ፈሳሽ ሳሙናዎችም እሱ ወይም የቅርብ ዘመዱ አለ። በ100 ግራም የጥርስ ሳሙና ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ እስከ 2 ግራም ቢሆን ነው። (በአማርኛ «የጥርስ ሳሙና» ማለታችን ድሮ ቃል በቃል ልክ ነበር። በፈረንጆች እስከ 1940ዎቹ ድረስ ቱቦው ውስጥ የሚገባው እውነተኛ ሳሙና ነበር፤ እነ ኤስ ኤል ኤስ የተኩት ከዚያ በኋላ ነው።) ሥራው ሳሙናውን በአፍ ውስጥ ማዳረስ፣ የናናውን ጣዕም ማሰራጨትና ቅባት ማላቀቅ ነው። ከዚያ የቀረው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሰው አረፋ ካላየ የጸዳ ስለማይመስለው ነው።

ኤስ ኤል ኤስ ያለበትንና የሌለበትን ሳሙና ጎን ለጎን ያነጻጸሩ ጥናቶች በፕላክና በድድ መድማት ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። ያለ ምንም ሳሙና በብሩሽ ብቻ በደንብ የቦረሸ ሰው እንኳ ፕላኩን ከሞላ ጎደል እኩል ያነሣል። እናቶቻችን በወይራና በክትክታ መፋቂያ ሲፍቁ አንዲት አረፋ አልነበረችም፤ የሚያጸዳው የተፈተለው የእንጨቱ ጫፍ ነው። እዚህ አገር በየሱቁ የሚሸጠው ሚስዋክም እንዲሁ ነው። መፋቂያ የለመዳችሁ ቀጥሉበት፤ ብቻ ጫፉን በደንብ አኝካችሁ አለስልሱት፣ ድዱንም ወደ ላይ ወደ ታች አትግፉት።

ታዲያ ሳሙናው ለምን ይገዛል ብትሉ፣ ለፍሎራይዱ ነው። ፍሎራይድ አሲዱ ያሳሳውን የጥርስ ሽፋን መልሶ ያጠነክራል፤ ጥርስ እንዳይቦረቦር የሚጠብቀን እሱ ነው። አረፋውን ሳይሆን ፍሎራይዱን ፈልጉ። በቱቦው ጀርባ በቁጥር ይጻፋል፤ ለአዋቂ ከ1000 እስከ 1500 ፒ ፒ ኤም ጥሩ ነው፤ 1450 የሚል ብዙ ጊዜ ታገኛላችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ከወንጂ፣ ከመተሐራ፣ ከዝዋይ አካባቢ የመጣችሁ አንዳንዶቻችሁ ጥርሳችሁ ላይ ቡናማ መልክ አለ። እሱ ቆሻሻ አይደለም። በስምጥ ሸለቆው የጉድጓድ ውኃ ውስጥ የነበረው ብዙ ፍሎራይድ ጥርሱ ገና ሲያድግ የሠራው ነው። አረፋ ብታበዙ፣ በከሰል ብትፈትጉ፣ ሎሚ ብትቀቡ አይለቅም፤ ሎሚውና ከሰሉ ጤነኛውን ሽፋን ጨርሰው ይሄዳሉ። የምናፍርበት ነገርም አይደለም።

አረፋው በእውነት የሚጎዳቸው ሰዎች

አረፋው ንጹሕ ነው ብዬ ብቻ ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል። አንዲት የጎንደር ልጅ ወደ ክሊኒኩ ስትመጣ አፏን መክፈት ያቅታት ነበር። በከንፈሯ ውስጥና በጉንጯ በኩል ክብ፣ መሀሉ ነጣ ያለ ጠርዙ የቀላ ቁስል አለ። ከንፈር ላይ የሚወጣው ምች አይደለም፤ ያ ሌላ ነው። ይድናል፣ ወር ሳይቆይ ሌላው ይወጣል። በርበሬ ከነካት ታለቅሳለች። ያስጨነቃት ግን ሕመሙ ብቻ አልነበረም። የመኖሪያ ፈቃዷ ሊታደስ ስለሆነ የደም ምርመራ ነበረባት፤ «ይህ ቁስል ከክፉው በሽታ ነው፣ ይመልሱኛል» ብላ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥታለች። ምርመራዋ ንጹሕ ሆነ።

ሐኪሟ የጠየቀቻት ስለ ጥርስ ሳሙናዋ ነው። ማዳሟ አፍሽ ይሸታል ስላለቻት በቀን አራት ጊዜ፣ የብሩሹን ጸጉር ከዳር እስከ ዳር ሞልታ ትቦርሽ ነበር። አረፋው አፏን ሞልቶ በከንፈሯ ይወርዳል። ሐኪሟ ኤስ ኤል ኤስ የሌለበት ሳሙና አዘዘችላት፣ በቀን ሁለቴ፣ በጥቂቱ። ቁስሉ ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን መመላለሱ ቀነሰ፣ ሲመጣም ቶሎ ይድናል።

ነገሩን በእጃችን ብናስበው ይገባናል። የሳህን ሳሙና ያለ ጓንት ስንነካ ስንውል የጣታችን ቆዳ ይደርቃል፣ ይላጣል። የጉንጫችን የውስጥ ቆዳ ደግሞ ከእጃችን ይልቅ ስስ ነው። ኤስ ኤል ኤስ ይህን ቆዳ የሚጠብቀውን ሽፋን ስለሚያላቅቅ አንዳንድ ሰው ከቦረሸ በኋላ በጉንጩ ውስጥ ነጭ ስስ ልጣጭ ያገኛል፤ ሌላውን ያቃጥለዋል፤ ለአፍ ቁስል በተፈጥሮው የቀረበውን ቁስሉን ያመላልስበታል። በ1990ዎቹ በኖርዌይ በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ሳሙናውን ሲቀይሩ ቁስላቸው በብዙ እንደቀነሰ አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ሁሉ አልተስማሙም፤ አንዳንዱ ለውጥ አገኘ፣ አንዳንዱ አላገኘም። ስለዚህ የሁሉም ሰው መድኃኒት አይደለም፤ ቁስል ለሚመላለስባት ልጅ ግን ሁለት ሦስት ወር ሞክራ ማየቱ አይጎዳትም። ካንሰር ያመጣል የሚባለው ግን ማስረጃ የሌለው ወሬ ነው።

ልጆች የምታሳድጉ ሌላም ነገር ታዝባችኋል። ልጁ ጥርሱን ቦርሾ ወዲያው የብርቱካን ጭማቂ ሲሰጡት «መራራ ነው» ብሎ ይገፋዋል፣ ማዳምም ጭማቂው ተበላሽቶ ነው ብላ እኛን ታያለች። ጭማቂው ደህና ነው። ኤስ ኤል ኤስ ምላስ ላይ ጣፋጩን የሚለየውን ስሜት ለጥቂት ደቂቃ ያደነዝዘዋል፣ መራራውን ያጎላዋል። ጭማቂውን አስቀድሙ፤ ወይም ቆየት ብላችሁ ስጡት።

በቤታችን ስናደርገው

አብዛኞቻችን ሳሙናውን የምንመርጠው እኛ አይደለንም፤ ማዳም ያመጣችው ነው። ቁስል የማይመላለስባችሁ ከሆነ ፍሎራይድ ያለበት ማንኛውም ይበቃችኋል፤ ውድ የሆነው ከርካሹ አይበልጥም። የሚያስፈልገው የሽምብራ ፍሬ የምታህል ብቻ ናት። አረፋው በጣም የሚያቃጥላችሁና ሌላ መግዛት የማትችሉ ደግሞ ከዚያም ቀንሱ። እኔ ድሮ አፌ በአረፋ ሲሞላ ቶሎ እተፋና የጨረስኩ ይመስለኝ ነበር፤ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ሳሙናውን ስቀንስ ረጋ ብዬ መቦረሽ ቻልኩ።

ብሩሹን ግማሹ ጥርሱን፣ ግማሹ የድዱን ጠርዝ እንዲነካ ዘንበል አድርጉት፤ ፕላኩ የተደበቀው እዚያ ነው። በትንንሹ እያንቀጠቀጣችሁ ከጥርስ ወደ ጥርስ ሂዱ፤ ምጣድ እንደሚፈትግ ሰው አትግፉት። ሁሉንም ለማዳረስ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። የውስጡን በኩል፣ በተለይ የታች የፊት ጥርሶችን ጀርባ አትርሱ፤ የእኔ ድንጋይ የተጋገረው እዚያ ነበር። ስትጨርሱ አረፋውን ትፉ፣ በውኃ ግን አትጉመጥመጡ፤ ፍሎራይዱ ታጥቦ ይሄዳል። በቀን ሁለቴ ነው የሚባለው፤ አንዱን ብቻ የምትችሉ ከሆነ የማታውን አትዝለሉ፤ ሌሊት ምራቅ ስለሚቀንስ ባክቴሪያው የሚሠለጥነው ያኔ ነው። ብሩሹ ጸጉሩ ሲበተን፣ ወይም በሦስት ወር ገደማ ይቀየራል። በጥርስ መካከል ብሩሽ አይደርስም፤ የጥርስ ክር ካገኛችሁ በቀን አንዴ አሳልፉበት። ስቲኪኒ ሥጋ ያወጣል እንጂ የክሩን ሥራ አይሠራም።

ጨው የበዛበት ሳይሆን ለብ ባለ ውኃ ትንሽ ጨው ያለበት መጉመጥመጥ የተቆጣ ድድ ያስታግሳል። ፕላክ አያነሣም፤ ስለዚህ ብሩሹን አይተካም። ፋርማሲ ክሎርሄክሲዲን የሚባል መጉመጥመጫ ከሰጧችሁ ደግሞ ወዲያው ከቦረሻችሁ በኋላ አትጠቀሙት። ኤስ ኤል ኤስ ይይዘውና ኃይሉን ይቀንስበታል፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አራርቁት። ሐኪም ካላዘዘ ከሁለት ሳምንት አታሳልፉት፤ ጥርስ ያጠቁራል፣ ቡናና ሻይ ሲታከልበት ይብሳል።

ለምትንከባከቧቸው ልጆች፣ ከሦስት ዓመት በታች ላለው የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከዚያ በላይ እስከ ስድስት ዓመት የሽምብራ ፍሬ የምታህል ሳሙና ይበቃል። አረፋ አብዙልኝ ቢሉ አትስሟቸው፤ ትንንሾቹ ይውጡታልና።

ኤስ ኤል ኤስ የሌለበት ሳሙና ለመግዛት ወደ ሰይደሊያ ስትሄዱ፣ እዚህ ሊባኖስ «መዕጁን አስናን፣ በላ ኤስ ኤል ኤስ፣ መዕ ፍሎር» በሉ፤ በገልፍ አገሮች በ«በላ» ፈንታ «ቢዱን» ይሻላል። የመጨረሻውን ቃል አትርሱት። «ተፈጥሯዊ» እየተባሉ ከሚሸጡት ውስጥ አረፋውን ብቻ ሳይሆን ፍሎራይዱንም ያወጡ አሉ።

ሁለት ሳምንት በደንብ ቦርሻችሁ ድዱ መድማቱን ካላቆመ፣ መግል ካለ፣ ጥርስ ከተነቃነቀ ወይም የአፍ ቁስል ሦስት ሳምንት አልፎት ካልዳነ ሐኪም ይየው። ፊት አብጦ ትኩሳት ከመጣ ያንኑ ቀን ነው፤ አታሳድሩት። እርጉዝ የሆነችና ስኳር ያለባት ሴት ድዷ ከሌላው ሰው ቶሎ ይቆጣል፤ ቀድማ ትታይ።

ለማዳም እንዴት ልንገራት የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። ደም የሚለው ቃል በዐረብኛም ደም ነው። ድዳችሁን አሳይታችሁ «ፊ ደም» ብትሉ ይበቃል። ሁሉም ማዳም አንድ አይደለችም፤ የእናንተን እናንተ ታውቃላችሁ። የእኔዋ ግን፣ ጥርሱ ተነቃንቆ መደበቅ ሲያቅተኝ እጄን አፌ ላይ አድርጌ ያንን ሁለት ቃል ስላት፣ መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ ወደ መታጠቢያ ቤቷ ገብታ፣ ፕላስቲኩ ያልተከፈተ ለስላሳ ብሩሽ ይዛልኝ መጣች፤ ለሐኪሙም በዚያው ከሰዓት በኋላ ደወለች።